«መቼ ነው የሚወጣው?» ስለ ዘገምተኛው ሲስተም የተነሳው ክርክር

ዛሬ ከወትሮው ለየት ያለ ርዕስ ይዘን መጥተናል። ረዘም ይላልና ሻይ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን በእኛ በሮቢት፣ ኮምፒውተር በሚነካኩ ወንድሞች መካከል አንድ ክርክር ተነስቶ እስካሁን አልበረደም። ጉዳዩ ሃይኩ ስለሚባል ሲስተም ነው። አንደኛው ወገን «ከሃያ ዓመት በላይ ተሠርቶ ያላለቀ ነገር ከእንግዲህም አያልቅም፤ በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ጨዋታ ነው፤ ለመድረሳ ልጆች ይህን ማሳየት ጊዜ ማባከን ነው» ይላል። ሌላኛው ደግሞ «በነፃ ለሚሠራልህ ሰው መቼ ትጨርሳለህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሶብር አድርግ» ይላል። የሁለቱም መልስ አላረካንም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

መጀመሪያ ለማያውቁት እናስረዳ። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው፣ ኪቦርዱን፣ ስክሪኑን፣ ፍላሹንና ፕሮግራሞቹን ሁሉ የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ነው። አብዛኞቻችን የምናውቀው ዊንዶውስን ነው። ስልካችን ላይ ያለው አንድሮይድም አንዱ ነው። እነዚህ በሺዎች የሚቆጠሩ ደመወዝተኛ ሠራተኞች ባሏቸው ኩባንያዎች የሚሠሩ ናቸው። ከእነሱ ውጭ ግን ሰዎች ከሥራቸው መልስ፣ ማታና በእረፍት ቀናቸው፣ ያለ ክፍያ የሚሠሯቸው ሲስተሞች አሉ። ሃይኩ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ይህ ክርክር ለምን አሁን መጣ? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና በኩባንያው ዝርዝር ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። እስኪ ከሮቢት እስከ ቆቦ ባሉት የጽሕፈት ሱቆች ያሉትን ኮምፒውተሮች፣ ከውጭ ያሉ ወንድሞች ለመድረሳዎች የላኳቸውን ላፕቶፖች ተመልከቱ። ስንቱ ይህን ያሟላል? አብዛኛው ሁለት ጊጋ ራም ይዞ የሚያቃስት ነው። በላዩ ላይ የተጫነው ዊንዶውስም ቢሆን በገንዘብ የተገዛ ሳይሆን ፎርማት የሚያደርገው ልጅ በፍላሽ ይዞት የመጣ ክራክ ነው። የሰው ሐቅ ጉዳይ አለበት፤ ቫይረሱም አለበት። እንግዲህ «ምን እንጫን?» የሚለው ጥያቄ የቀን ተቀን ጥያቄያችን ሆኗል ማለት ነው። ከመካከላችን አንዱ በአሮጌ ማሽን ላይ ሃይኩን ጭኖ በፍጥነት ሲነሳለት ጊዜ ነው ክርክሩ የተጀመረው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ።

እ.ኤ.አ. በ1990 ዣን ልዊ ጋሴ የሚባል፣ ከአፕል ኩባንያ የወጣ ሰው ቢ የሚባል ድርጅት አቋቋመ። ቢኦኤስ የተሰኘ ሲስተም ሠሩ። በዘመኑ ፈጣን ነበር፤ ቪዲዮና ድምፅ በአንድ ጊዜ ሲያጫውት አይንተባተብም ነበር። ነገር ግን ከማይክሮሶፍት ጋር ገበያ መካፈል አልቻለም። በ2001 ንብረቱን ፓልም ለሚባል ኩባንያ በ11 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ቢኦኤስን ሲጠቀሙ የነበሩ ሰዎች አንድ ጠዋት ሲነሱ ሲስተማቸው ባለቤት አልባ ሆኖ አገኙት። ኮዱ ዝግ ነበርና ሊያስቀጥሉት አይችሉም። ታዲያ በዚያው በኦገስት 2001 «እንግዲያው ከዜሮ እንደገና እንጽፈዋለን» ብለው ተነሱ። በ2004 ስሙን ሃይኩ አሉት።

ከዜሮ መጻፍ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉ። የዋናውን ሲስተም ኮድ ሳያዩ፣ ከውጭ የሚያደርገውን ብቻ እያዩ፣ ያንኑ የሚያደርግ ሌላ መሥራት ነው። ያውም ለቢኦኤስ የተሠሩት የድሮ ፕሮግራሞች ሳይለወጡ እንዲሠሩበት አድርገው። የመጀመሪያው የሙከራ እትም፣ አልፋ 1፣ የወጣው በሴፕቴምበር 2009 ነው፤ ማለትም ከስምንት ዓመት በኋላ። አልፋ 4 በኖቬምበር 2012 ወጣ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ገደማ ምንም ይፋዊ እትም የለም! ቤታ 1 በሴፕቴምበር 2018፣ ቤታ 2 በጁን 2020፣ ቤታ 3 በጁላይ 2021፣ ቤታ 4 በዲሴምበር 2022፣ ቤታ 5 በሴፕቴምበር 2024። «አር 1» የተባለው፣ ተጠናቋል የሚባለው የመጀመሪያው እትም ግን ገና አልወጣም።

ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ይስቃል። እኛ ግን በስድስቱ ዓመት ዝምታ ውስጥ ምን ሲሠራ እንደነበር ጠይቀናል። በ2013 ሲስተሙ ፕሮግራሞችን የሚጭንበትና የሚያነሳበት ዘዴ ከሥሩ ተቀየረ። ፋይሎች እንደ ድሮው ዲስኩ ላይ ተበትነው መቀመጣቸው ቀረና በታሸገ ጥቅል መልክ ሆኑ፤ አንድ ነገር ከተበላሸ ወደ ቀድሞው ሁኔታ መመለስ ተቻለ። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ይህ ከመጣ በኋላ አዲስ እትም ማውጣት ድሮ እንደነበረው አንድ ፋይል አዘጋጅቶ ማውጣት መሆኑ ቀረ። ጥቅሎቹን ሁሉ በራሱ የሚሠራ፣ የሚያከማችና የሚያድል ማሽንና አሠራር ያስፈልግ ነበር። ያን የሚያቆም ሰው ደግሞ በቂ አልነበረም። ቤቱን ሠርተው በሩን የሚገጥም አናጢ እንደማጣት ነው። ኮዱ በየቀኑ እየተጻፈ፣ በየቀኑ የሚዘጋጀው የሙከራ ቅጂም ለፈለገ ሰው እየተሰጠ፣ «እትም» የሚለው ማኅተም ብቻ ዘገየ።

በእነሱም ቤት ያለው ክርክር ከእኛው የተለየ አይደለም። አንዳንዶቹ «ቤታ የሚለው ቃል ሰውን ያስፈራል፤ አር 1 ብላችሁ አውጡትና ቀጥሉ» ይላሉ። ሌሎቹ «ቃል የገባነው ከቢኦኤስ ጋር ሙሉ በሙሉ የሚስማማ ነገር ነው፤ ያልሞላውን ሞላ ማለት ውሸት ነው» ይላሉ። ሦስተኛ ወገንም አለ፤ «ቢኦኤስ የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት የሞተ ነው፤ የሱን ፕሮግራሞች ለማስነሳት ብለን የድሮውን ኮምፓይለር ለምን እንሸከማለን?» የሚል።

እኛ በዚህ ላይ ከሁለተኛው ወገን ጋር ነን፤ ምክንያታችንም ቀላል ነው። አንድ ደረሳ ሉሑን ሳያጸዳ፣ ኪታቡን ሳይጨርስ «ኢጃዛ ስጡኝና ቀስ እያልኩ እጨርሳለሁ» ቢል ሸኾቻችን ምን ይሉታል? በወሎ ምድር የዒልም አሠራር ይታወቃል። ዳና ሄዶ ነሕው የቀራ ሰው ስንት ዓመት እንደፈጀበት አይደበቅም፤ ያልቀራውን ቀርቻለሁ ማለቱ ግን ይደበቃል፤ አንድ ቀን ደግሞ ይወጣበታል። «ቤታ» ማለት ሠሪው «ገና ነው፤ ዳታችሁን በላዩ ላይ ብቻ አታስቀምጡ» ብሎ መናገሩ ነው። ይህ ለተጠቃሚው ያለ አማና ነው። በእርግጥ ሰውን ያስፈራል። ይፍራ!

ነገር ግን ዝግታ ሁሉ የሚመሰገን ነው አላልንም። ከእኛው ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ሌላ ታሪክ እንንገራችሁ።

ሰቢሊን ስንቶቻችሁ ታስታውሳላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2007 «ኡቡንቱ ሙስሊም ኤዲሽን» በሚል ስም የተጀመረ፣ በኋላ ሰቢሊ የተባለ ሲስተም ነበር። መሠረቱ ኡቡንቱ ሊኑክስ ነው። በላዩ ላይ ቁርኣን ማንበቢያና መስሚያ የሆነው ዚክር ፕሮግራም፣ የሶላት ሰዓት የሚያሳውቅ፣ የሂጅራ ካላንደር፣ ዱዓና አዝካር በስክሪን ላይ የሚያወጣ፣ እንዲሁም ልጆችን ከመጥፎ ድረ ገጽ የሚጠብቅ ማጣሪያ ተጭኖበት ይመጣል። ኢንተርኔት ለሌለው ሰው በዲቪዲ ይቀዳል። ስሞቹም ደስ የሚሉ ነበሩ፤ «ጋዛ»፣ «አል ቁድስ»፣ «በድር»፣ «ኡሑድ» የሚባሉ እትሞች ነበሩት።

ሰቢሊ ዘገምተኛ አልነበረም። ኡቡንቱ በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ያወጣል፤ ሰቢሊም እየተከተለ ያወጣ ነበር። በኡቡንቱ 11.10 ላይ የተሠራው «ኡሑድ» ግን የመጨረሻው ሆነ። የኡቡንቱ 11.10 ድጋፍ በሜይ 2013 ሲያበቃ በሰቢሊ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ የደኅንነት ማስተካከያ የማይደርሰው ሆኖ ቀረ። የተተካ የለም፤ የተረከበም የለም።

አሁን ሁለቱን አስተያዩ። በየስድስት ወሩ የሚወጣው ከአምስት ዓመት ያልበለጠ ዕድሜ ኖረ። ስድስት ዓመት ዝም ያለው ዛሬም ሰው አለው። እዚህ ቆላ ውስጥ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ደጋሊት ማሽላ በሚያዝያ ተዘርቶ እስከ ኅዳር ድረስ መሬት ይይዛል። ቶሎ የሚደርሰው የሲሪንቃ ምርምር ዘር ደግሞ ዘግይቶ ተዘርቶ ቀድሞ ይሰበሰባል። ገበሬው ግን ዘሩን የሚመርጠው ቶሎ በመድረሱ ብቻ አይደለም፤ አገዳው ለከብት፣ ለአጥርና ለማገዶ ስንት እንደሚሰጥ፣ ዝናቡም መቼ እንደገባ ያያል። ዝናብ ከዘገየ ደጋሊት ይዞህ ይጠፋል፤ ይህም እውነት ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ዓመት አላቸው።

ታዲያ ሃይኩን ያቆየው ምንድን ነው? እንደ እኛ አስተያየት ሸክሙ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አለመሆኑ ነው። መሥራቾቹ አብዛኞቹ ሄደዋል፤ ሥራው ግን ለሌላ እጅ ተላልፏል። እርዳታ የሚሰበስብና ሒሳቡን በየዓመቱ ለሕዝብ የሚያሳይ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አለው። ከ2007 ጀምሮ ተማሪዎች በክረምት እየመጡ የሚሠሩበት የጉግል ፕሮግራም ውስጥ ሲሳተፍ ቆይቷል፤ ከእነዚያ ተማሪዎች የቀሩ አሉ። በ2021 ከእርዳታው ገንዘብ ለአንድ ሠሪ የሙሉ ጊዜ ክፍያ መክፈል ጀመሩ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሃያ ዓመታት አልፎ አልፎ ከነበሩ አጫጭር ኮንትራቶች በቀር ሁሉም ለአላህ እንደሚሉት ነበር፤ እነሱ በዚህ ኒያ ባይሠሩትም። የቤታዎቹ መውጫ ከዚህ በኋላ እንኳን በዓመት ከአንድ አላለፈም፤ ሰው ሲከፈለው ሥራው ወዲያው የሚያልቅ ለሚመስላቸው ይህንንም እንያዝላቸው።

በሌላ በኩል ወሬ ብቻ የበላው ሥራም አለ። በ1996 «ፍሪዊን 95» የሚባል ፕሮጀክት ተጀምሮ ነበር፤ ዓላማው ዊንዶውስ 95ን የሚመስል ነፃ ሲስተም መሥራት። ሰዎቹ ሲስተሙ ምን መምሰል አለበት በሚል ሲከራከሩ፣ ሲከራከሩ፣ አንድም የሚሠራ ነገር ሳያወጡ ዊንዶውስ 95 ራሱ አረጀባቸው። በኋላ ጥቂቶቹ ክርክሩን ትተው ሪአክትኦኤስ ብለው በ1998 እንደገና ጀመሩት። እሱም እስከ ዛሬ አልፋ ላይ ነው፤ ቢሆንም ኮድ አለው፣ ሰው አለው። በሮቢት ያለን ተከራካሪዎችም የትኛውን መሆን እንደምንፈልግ ብናስብበት ጥሩ ነው!

«በነፃ ስለሚሠራ አትጠይቁት» የሚለው ወገን ያለበትን ስህተትም እንናገር። መጠየቅ መብት ነው። አንድ ሰው መስጂድ በነፃ ቢያሠራ ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ አትጠይቁኝ ማለት አይችልም፤ ሰው ከሥሩ ይሰግዳልና። ተጠቃሚው ሊያውቀው የሚገባው የተወሰነ ነገር አለ። ምን ይሠራል? ምን አይሠራም? ከማን እጅ ነው ያለው? ሰውየው ቢታመም ወይም ቢሰለች ቁልፉን የያዘ ሌላ ሰው አለ? «መቼ ይወጣል?» የሚለው ጥያቄ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚያንስ ነው፤ እኛ ሁልጊዜ የምንጠይቀው ደግሞ እሱን ብቻ ነው።

ለምሳሌ ሃይኩን በእነዚህ ጥያቄዎች ብንመዝነው ለእኛ መድረሳ ትልቅ ጉድለት ይታይበታል። አረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፤ ፊደሎቹም እንደ ቦታቸው ቅርጻቸውን እየቀየሩ ይያያዛሉ። ሃይኩ በራሱ ፕሮግራሞች ውስጥ ይህን አሟልቶ ማሳየት እስካሁን ካልተሠሩለት ነገሮች አንዱ ነው። ፊደሎቹ ተበታትነው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ተገልብጠው ሊወጡ ይችላሉ። ለቁርኣንና ለኪታብ ትምህርት የሚውል ማሽን ላይ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም፤ ጭራሽ የማይሆን ነው። ስለዚህ «ዛሬ የመድረሳውን ኮምፒውተሮች ወደ ሃይኩ እንቀይር» የሚሉ ወንድሞች አልተመከሩም። ለዛሬ ሥራ ቀለል ያሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ይሻላሉ፤ አረብኛውንም አማርኛውንም በትክክል ያሳያሉ። ሃይኩ ልጆቹ ሲስተም እንዴት እንደሚሠራ የሚማሩበት ይሁን፤ ከግማሽ ጊጋባይት ባነሰ ራም የሚነሳ፣ ማንም በማይፈልገው አሮጌ ማሽን ላይ።

በቁርኣን ጽሑፍ ላይ ያለውን ጥንቃቄ ካነሳን አይቀር፣ ታንዚል የሚባለውን ሥራ ሳንጠቅስ አናልፍም። በ2007 የተጀመረ ነው። በዚያን ጊዜ በኢንተርኔት ላይ የነበሩት የቁርኣን ጽሑፎች ሐረካ የጎደላቸው፣ ፊደል የተሳሳተባቸው ነበሩ። የታንዚል ሰዎች ጽሑፉን መጀመሪያ በኮምፒውተር አሰባሰቡ፤ ቀጥሎ በተጅዊድና በአጻጻፍ ሕግ እየፈተሹ አረሙ፤ በመጨረሻም ከመዲናው ሙስሐፍ ጋር በዓይን እያመሳከሩ አረጋገጡ። ዛሬ በስልካችን ላይ ካሉት የቁርኣን አፖች ብዙዎቹ ጽሑፉን የሚወስዱት ከዚያ ነው። የሙሐመድ ሳዲቅና የሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ የአማርኛ ትርጉምም እዚያ ይገኛል። ይህን ሥራ «ለምን ዘገየ?» የሚል ሰው ይኖራል? ቸኩለው ቢያወጡትና አንዲት ሐረካ ብትወድቅ ኖሮ ስህተቱ ወደ ሚሊዮን ስልክ ይገለበጥ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመጣ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው ምሳሌ በእጃችን ነው፤ ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት የግዕዝ ፊደል።

እድሜያቸው ገፋ ያለ ወንድሞች ያስታውሳሉ። ድሮ በአንድ የአማርኛ ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ትርምስ ሆኖ ይወጣ ነበር። ምክንያቱም እያንዳንዱ ሶፍትዌር ለ«ሀ» የራሱን ቁጥር ሰጥቶ ነበር። ይህን ለመፍታት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የግዕዝን ፊደል በላቲን ኪቦርድ የሚወክል «ሴራ» የተባለ አሠራር አወጡ። (ስሙ ሴራ ይሁን እንጂ ሴራ የለበትም፤ ለወሬኛ ወንድሞቻችን ነው የምንናገረው።) የገበያ ኩባንያ አላዘዛቸውም። ከዚያ በእነሱና በሌሎች ኢትዮጵያውያን ድካም የግዕዝ ፊደል በሴፕቴምበር 1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ፤ ለ«ሀ» በዓለም ሁሉ አንድ ቁጥር ተሰጠው። ታዲያ በማግስቱ አማርኛ በየኮምፒውተሩ ታየ? አልታየም። ዊንዶውስ የራሱን የግዕዝ ፎንት፣ ኒያላን፣ ይዞ የመጣው ከቪስታ ጋር ነው፤ ቪስታ ለገበያ የቀረበው በጃንዋሪ 2007 ነው። ሰባት ዓመት! ፊደሉ ራሱም በአንድ ጊዜ አላለቀም። በ2005 ተጨመረበት፣ በ2010 ተጨመረበት፤ ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉት ፊደላት የገቡት በ2021 ነው።

ያ ሴራ የተባለው አሠራር ዛሬ የት አለ? በሊኑክስ ላይ አማርኛ ለመጻፍ ከሚመረጡት ዘዴዎች አንዱ እስከ አሁን በዚሁ ስም ይጠራል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ልጆቻችን «ኤስ» እና «ኢ» ነክተው «ሰ»ን ሲያወጡ ማን እንዳሰበላቸው አያውቁም። ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተር ሥራ የሚወደድ መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንቀራው ያደግነው ነው፤ በዓይናችን ስናየው ግን አናስተውለውም።

እዚህ ላይ አንድ ሕመማችንን እንናገር። በየጊዜው «የራሳችን ሲስተም»፣ «የራሳችን አፕ»፣ «የራሳችን ፌስቡክ» የሚሉ ማስታወቂያዎች እናያለን። መጀመሪያ ሎጎ ይሠራል። ቀጥሎ የሚወጣበት ቀን ይነገራል፤ ብዙ ጊዜ ረመዷን ወይም ዒድ ይሆናል። ሰው ማሻአላህ ብሎ ያጋራል። ቀኑ ያልፋል፤ ገጹም ይዘጋል። የጠየቀ ሰው ምቀኛ ይባላል። ይህ ዓይነቱ ከዘገምተኛው በእጅጉ የሚጎዳ ነው። ሕዝቡ ደጋግሞ ከተታለለ በኋላ እውነተኛ ሠሪ ሲመጣ የሚያምነው ያጣል። ቀን ከመንገር በፊት የተሠራውን ማሳየት አይቀልም? ሃይኩዎች ስንቱን ዓመት ሲሠሩ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ነበር፤ እየሠሩ መሆናቸውን ለማወቅ የፈለገ ሰው ከፍቶ ያያል። ማንንም ማመን አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. በ1991 አንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ፣ የራሱን ሲስተም እየሠራ መሆኑን ሲያስታውቅ በትርፍ ጊዜ የሚሠራ፣ ትልቅ የማይሆን ነገር ብሎ ነበር ያስተዋወቀው። የመጀመሪያው ሙሉ እትም በማርች 1994 ወጣ። አሁን አንድሮይድ ስልካችሁ የሚነሳው በሊኑክስ ከርነል ነው። ሰውየው ትንሽ ተናግሮ ብዙ ሠራ ለማለት ያህል ነው ያነሳነው እንጂ፣ ሃይኩም እንደዚያ ይሆናል አላልንም። ላይሆንም ይችላል። ለእኛ የሚያስፈልገን እንዲሆን አይደለም።

ለእኛ የሚያስፈልገን ሌላ ነው። ባለፉት ዓመታት በጦርነቱ ምክንያት መብራትና ኔትወርክ ለወራት የጠፋባቸው ጊዜያት ነበሩ። በእነዚያ ወራት የሚሠራው በፍላሽ የተያዘ ነገር ብቻ ነበር። ሲስተሙን ኦንላይን ገብተህ አረጋግጥ፣ አካውንት ክፈት የሚል ማሽን ለእኛ አገር አልታሰበም። በፍላሽ የሚገባ፣ ከፍላሽ የሚነሳ፣ ሲበላሽ ደግሞ ከዚያው ፍላሽ የሚጠገን ሲስተም፣ የሚጠግነውን ልጅ ደግሞ እዚሁ ሮቢት ውስጥ ማፍራት ነው የሚያስፈልገን። ይህ ልጅ በአንድ ክረምት አይወጣም።

ሥራም ሞልቷል። የሊኑክስ ዴስክቶፖች የአማርኛ ትርጉም ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ሜኑውን ስትከፍቱ ግማሹ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፤ የተተረጎመውም አንዳንዱ ለሰው የማይገባ ነው። እሱን ለማስተካከል ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም፤ አማርኛና ጥቂት እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው በቀን አሥር ቃል ሊሠራ ይችላል። በሃይኩም ላይ ቢሆን የግዕዝ ፊደል ከአረብኛው ይልቅ ቀላል ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ነው፣ ፊደሎቹም አይያያዙም፤ ፎንት ካለው ይታያል። የሚቸግረው መጻፉ ነው፤ አንድ ፊደል ለማውጣት ሁለት ቁልፍ ስለሚነካ የጽሕፈት ዘዴ ሊሠራለት ይገባል። ኮድ የሚጽፉት ወንድሞቻችን ከክርክሩ በተረፋቸው ሰዓት ይህን ቢሞክሩት ዋጋ ያለው ነው።

እኛ እንዲህ አስበናል። ኢንሻአላህ ቅዳሜና እሁድ ከዐስር በኋላ፣ የልጆቹ ቂርኣት ሲያበቃ፣ በመድረሳው ቤት እንሰበሰባለን። ሁለት ማሽን ላይ ሊኑክስ፣ አንድ አሮጌ ላይ ሃይኩ ይጫናል። የተተረጎሙትን ቃላት አንድ ሰው ብቻ አይይዛቸውም፤ ቢያንስ ሦስት ሰው ቅጂውም የይለፍ ቃሉም ይኖረዋል፤ አንዱ ለሥራ ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ሳዑዲ ቢሄድ የቀሩት ይቀጥላሉ። እህቶችም በራሳቸው ሰዓት እንዲሳተፉ ከኡስታዛዋ ጋር ተነጋግረናል። የሚጨረስበትን ቀን አልወሰንንም። በየወሩ መጨረሻ ስንት ቃል እንደተተረጎመና ምን እንዳልሠራልን በዚሁ ገጽ ላይ እንጽፋለን።

ቤታችሁ ውስጥ የተጣለ ላፕቶፕ ያላችሁ፣ በወልድያም በቆቦም ያላችሁ፣ በኮሜንት ወይም በውስጥ መስመር አሳውቁን። ባትሪው የሞተ ቢሆንም እንቀበላለን፤ ቻርጀሩ ብቻ ይኑር።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።